የቨርና የተኛ የድለላ ፈቃድ

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ኩኪስ አፌ ገብቶ አያውቅም! ባሸተትኩት ቁጥር የድመት ሽንት ነው የሚሸተኝ! አንተ ደግሞ መጥተህ ፈቃዱን ጣይው ትለኛለህ!»

አክስቴ ቨርና ይሄን ስትጮህ አንድ እጇ መርከብ የሚያህል የኪራይ ጫማ ውስጥ ነበር። በሌላው ሽታ ማጥፊያ ትረጫለች። ሥራዋ ነው። ኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን አንዲት ቦውሊንግ ቤት አለች፤ ቨርና ባንኮኒው ኋላ ቆማ ሰው ሲመጣ የገዛ ጫማውን ትቀበላለች፣ የመጫወቻውን ትሰጣለች፣ ሲመልስላት ፊቷን አዙራ ትረጫለች። እኔ ኳስ የሚመልሰው ማሽን ኳስ ነክሶ ሲቆም የምጠግነው የእህቷ ልጅ ነኝ።

«ጣይው አላልኩም። ምን ያደርግልሻል ነው ያልኩት። አንድ ቤት አትሸጪበት።»

«አስረኛ ክፍል ጥሎ የወጣ ሰው ስለ ፈቃድ አያወራኝም። አራት ጊዜ ነው የተፈተንኩት፣ አራት። ሦስቴ ጥሎኛል።»

እውነቷን ነው። በአራተኛው ስታልፍ ወረቀቱን የቤት ደላላው ሆባርት ክራችፊልድ ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቀሉላት። እኛ ጋ ደላላ ብቻውን አይደልልም፤ ፈቃዱ አንድ ትልቅ ደላላ ስር መሆን አለበት። የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ሥራ የአንዲት አሮጊት ቤት ነበር። አሮጊቷ ስትሞት አስራ ዘጠኝ ድመት ትታ ነው የሞተችው። ቨርና ምንጣፉ ተነስቶ ወለሉ ይፋቅ ስትል ሆባርት፣ «የኔ ማር፣ ምንጣፉን ተይው፣ ምድጃውን ለኩሺ» አላት። ቤት ለገዢ ክፍት በሚሆንበት ቀን ኩኪስ መጋገር የታወቀ ነው፤ መዓዛው ሌላውን ሽታ ይሸፍናል። ቨርና ከጠዋት ጀምራ ጋገረች። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ፣ «ለቤት እንስሳ የሚመች» ተብሎ ተጻፈ።

አዲስ ተጋቢዎች መጡ። ሚስትየዋ በሩ ላይ ቆማ አየሩን ሳበችና፣ «እናቴ ቤት የገባሁ መሰለኝ» አለች። ገዙት። ክረምት ገብቶ ማሞቂያው ሲለኮስ የድመቶቹን ሽንት ወለሉ ራሱ ተናገረ።

በጸደይ ባልና ሚስቱ ቦውሊንግ ሊጫወቱ መጡ። ቨርና ያኔም ማታ ማታ እዚህ ትሠራ ነበር። ሚስትየዋ ጫማዋን አውልቃ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ ሽታው ከጫማው ጋር መጣ። ቨርናን አየቻትና፣ «ያ ኩኪስሽ እንዴት ደስ ይል ነበር» አለቻት። ስድብ አልነበረም። እሱ ነው የባሰው።

በነጋታው ቨርና ወረቀቷን ከሆባርት ግድግዳ ነቅላ ለመንግሥት ቢሮው፣ «አስተኙልኝ» ብላ ላከች። የተኛ ፈቃድ አይሸጥበትም፣ ግን አይሞትም። በየሦስት ዓመቱ ኮርስ ወስዳ ካሳደሰችው ይቆያል። ቀኑ በአንድ ሰዓት እንኳ ካለፈ ሞተ፤ ከፈተናው ጀምሮ እንደገና ነው።

የዚያን ዕለቱ ጭቅጭቅም የመጣው ከዚሁ ነው። የማደሻው ቀን ያው ዕለት ነበር፣ እስከ ቀኑ አስራ አንድ ሰዓት። አስር ሰዓት ሆኗል፣ የቀራት አንድ ምዕራፍ ነው፤ ርዕሱ «የደላላ ሥነ ምግባር»። ኮርሱን የምትወስድበት የባንኮኒው ኮምፒውተር ሰው አያምንም። ድንገት፣ «አሁንም አለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልተነካ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ያስጀምራል።

እሱ ሲጠይቅ ለልደት የመጡ አስራ ሁለት ሕፃናት ጫማ ጫማ እያሉ ባንኮኒው ላይ ተንጠላጥለዋል።

«ልንካልሽ?» አልኳት።

«እጅህን።»

«አንዴ ነው።»

«የሥነ ምግባሩን ትምህርት አንተ ልትወስድልኝ? እጅህን አንሳ።»

አንዱ ሕፃን ጫማው ውስጥ አስታወከ። ቨርና ጎንበስ ብላ ስትነሳ ምዕራፉ ከመጀመሪያው ጀምሯል። አርባ ደቂቃ ይወስዳል፣ የቀራት አርባ ስድስት። ጫማውን በሁለት ጣት ይዛ ስክሪኑን አየችው። ከሁለቱ የቱ እንዳስጠላት ፊቷ አይለይም።

በዚህ መሃል ሆባርት ገባ። ሐሙስ ሐሙስ ይጫወታል። ድምፁን አንዴ ከሰማችሁ አይለቃችሁም፤ ፓንኬክ ላይ እንደሚፈስ ማር ነው፣ ቀስ ብሎ ሁሉን ነገር ያጣብቃል።

«ቨ-ር-ና፣ የኔ ማር። ጫማ።»

«ቆይ።»

«እሱ ነገር ነው እንዴ? ዛሬ ነው ለካ። እኔ ቢሮ አንዲት ልጅ አለች፣ ለዘጠኙም ደላሎቼ እሷ ናት የምትነካው። ቴሌቪዥኗን እያየች።»

«ሥነ ምግባሩንም?»

«እሱንማ ሁሌ አስቀድማ ነው የምትጨርሰው።»

ቨርና የሽታ ማጥፊያውን አንስታ በእሷና በእሱ መሃል ባለው አየር ላይ ረጨች።

«ጫማዬን አውልቄ ቆምኩ እኮ።»

«አየሁ።»

«ወረቀትሽን ስጪኝ፣ እኔ ጋ ይሰቀል። ምንም አትሠሪም፤ ሰው ስትልኪልኝ ድርሻሽን ትወስጃለሽ። ምስማሩ አሁንም እዚያው ነው።»

«ኮትህን ስቀልበት።»

ሆባርት በካልሲ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆመ። አንዱ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ ሕፃናቱ ጣቱን እያዩ ኬክ በሉ። ስክሪኑ ሦስት ጊዜ፣ «አለሽ?» አላት፤ ሦስቱንም ራሷ ነካች። ለአስራ አንድ አምስት ጉዳይ፣ «ታድሷል። ሁኔታ፦ የተኛ» የሚል ወጣ። ያኔ ለሆባርት ጫማ ወረወረችለት፤ ያንኑ ሕፃኑ ያስታወከበትን የሰጠችው መስሎኝ ነበር፣ ግን ቁጥሩ አይሆነውም።

ሆባርት ወደ መስመሩ ሲሄድ የእሱን ድምፅ አስመሰልኩ። «ቨ-ር-ና፣ የኔ ማር፣ ሦስት ዓመት ደህና ተኚ።»

«አፍህን ዝጋ፣ አቅለሸለሸኝ። በጣም ነው የምትመስለው።»

«የምሬን ነው፣ አክስቴ። ለምንድነው የማትለቂው?»

ጫማ መርጨቷን አቆመች። «ዛሬ ብለቀው፣ ያ ወረቀት በዕድሜው የሠራው ሥራ ያ ኩኪስ ብቻ ይሆናል። አንድ ንጹሕ ሥራ ይሥራና ከዚያ ይሙት።»

«ማን ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ?»

«የማይሸት ደላላ ፈልጌ።»

«እዚህ ከተማ?»

«እንወራረድ። ቀጣዩ እድሳት ሳይደርስ አንድ ቤት እሸጣለሁ። ማስታወቂያው ላይ የቤቱ ጉድ ሁሉ ይጻፋል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ምድር ቤቱ ሻጋታ ነው፣ ድመት ሸንቶበታል፤ ሁሉም።»

«ማንም አይገዛሽም።»

«የተሸነፈ የዴልበርትን ጫማ ያለ ካልሲ አድርጎ አንድ ሙሉ ጨዋታ ይጫወታል።»

ዴልበርት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ የአሳማ እርባታ ሠራተኛ ነው። ሁሌ አንድ ጫማ ነው የሚከራየው፤ እሱን ጫማ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። ቨርና ራሷ ከሩቅ ነው የምትረጨው።

ተጨባበጥን። ውርርዱን ነጥብ መጻፊያ ወረቀት ላይ ጽፋ ከጫማው መደርደሪያ በላይ በምስማር ሰቀለችው።

ይሄው ዓመት ከአምስት ወር ሆነው። ሁለት ደላላ አነጋግራለች፤ አንዱ ገና ሳይቀመጥ የኩኪስ አሠራር ስላወራት ተነስታ ወጣች። ሁለተኛዋ፣ «ላስብበት» ብላለች። ባለፈው ቅዳሜ ዴልበርት፣ «የራሴን ጫማ ልገዛ ነው» ሲል፣ ሁለታችንም ባንኮኒው ላይ ተደግፈን፣ እባክህ ውርርዳችን እስኪያልቅ ትንሽ ታገስ ብለን ለመንነው።