እትዬ ሥራነሽ አፕሎቻቸውን ያሳረፉ ጊዜ

እትዬ ሥራነሽን ያወቅኋቸው አምና ኅዳር ላይ ነው፤ ሮብ ገበያ ከተማ የጓሯቸውን አጥር ላጥር ሄጄ። ሥራው የጥቂት ቀን ነበር፤ ወሬያቸው ስለጣመኝ ግን እስካሁን እመላለሳለሁ።

ስድስት የአፕል ዛፍ አላቸው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ አበባ አላሳዩም። ባላቸው ጋሽ ደምለው፣ «ዘንድሮም ካላበቡ ቆርጬ ድንች እተክልበታለሁ» ብለው ጨርሰዋል። እትዬ ይሄን ሲሰሙ ፈሩና ጧትም ማታም ውሃ ማጠጣት ሆነ ሥራቸው። በበጋ እንኳ አንድ ቀን አላስጠሟቸውም።

አጥሩን ሳስር የኔአለም የምትባል፣ ዛፍ የምታጠና ልጅ ከማርቆስ መጣች። ቅጠል ቆርጣ በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ከተተች።

«ምን ልታደርጊው ነው የኔ ልጅ?» አሏት።

«ጂኑን ልመረምር ነው እማማ፤ ዛፉ ከዘሩ የወረሰውን ትእዛዝ ማለቴ ነው። ቅጠል የሚያወጣውም፣ አበባ የሚያወጣውም ጂን እዛፉ ውስጥ አለ። ግን ሁሉም ባንዴ አይሠራም። ዛፉ ልጅ ሳለ የአበባው ዝም ይላል። ካደገ በኋላ ደግሞ ብርዱና ጥማቱ ነው አንዱን ዝም የሚያሰኘው፣ ሌላውን የሚቀሰቅሰው።»

«የኔዎቹ ገና ልጅ ናቸው?»

«አድገዋል። ግን ውሃው እረፍት ነሳቸው፤ ክረምት ነው ብለው ቅጠል ብቻ ያወጣሉ። ሁለት ወር ውሃውን ይተዉ። ቅጠሉንም በእጅ ያርግፉት። ከዚያ ውርጩ ያሳርፋቸዋል።»

እትዬ ውሃውን ተዉ፤ ቅጠሉን ግን ሦስት ቀን አልነኩትም። «በእጄ አሳድጌ በእጄ ልግፈፋቸው?» ይላሉ። በአራተኛው ቀን ከታች ጀመሩ፤ አንድ አንድ ቅጠል እየቀነጠሱ።

ጎረቤታቸው ማንጠግቦሽ ባጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ሥራነሽ! ዛፉ ማን ሞቶበት ነው የተላጨው?» አለች።

«ምላስሽን ቁረጪው አንቺ!» አሉ፤ እየሳቁም እየተናደዱም።

ጋሽ ደምለው ደግሞ፣ «ተዪያት፣ ለመጥረቢያዬ እያቀለለችልኝ ነው» አሉ።

የካቲት ላይ አጥሩን ልይ ብዬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር አጥሩ ምንም አልሆነም ነበር። አምስቱ ዛፍ አብቧል፤ ነጭ ሆኖ ዳር ዳሩ ቀላ ያለ። ጋሽ ደምለው ዱላ ይዘው ፍየል ያባርራሉ፣ «ሂጂ! አበባ እኮ ነው!» እያሉ።

«ስድስተኛውስ?» አልኳቸው እትዬን።

«እሱ ሰነፍ ነው። ለከርሞ እናየዋለን ብሏል ደምለው።» ይሄን ሲሉ ድምፃቸው እንዴት ደስ ይል ነበር።

በየካቲት ወደ ሮብ ገበያ የምትሄዱ ሰዎች፣ እባካችሁ ጎራ በሉና እዩላቸው። የእትዬ ሥራነሽ ቤት ካላችሁ ሁሉም ያሳያችኋል። ሰው ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል።