የሐዘንተኛዋ ቢጫ መነጽር

የወንድሜ የወንዴ ሚስት ፀደይ በያጅ ናት። ሙያውን የተማረችው ከባሏ ነው። ወንዴ በጉበት ሕመም ሲሞት፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለው ሱቃቸው እስከ አርባው ተዘጋ፤ ከተዝካሩ በኋላ ፀደይ ከፈተችው። ሰው «ጨከነች» ይላል። አልጨከነችም። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም።

ወንዴ ለብየዳ ከሚያጠልቀው ማስክ ሌላ፣ ብረት ሲቆረጥና ሲሞረድ የሚደረጉ ሦስት መነጽሮች ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ትቶላታል። ነጩ ለሱቅ ውስጥ ነው። ጥቁሩ ለደጅ ፀሐይ፣ በተለይም አዲስ ቆርቆሮ ሲያንጸባርቅ። ቢጫው ደግሞ ብርሃን ለማይገባበት ቤት። ነጩ በብልጭታ ብዛት ተፋቅቆ ስለደበዘዘ ተጣለ። ቢጫውን ፀደይ አንድ ቀን ከጥቁር ልብሷ ጋር አድርጋ ብቅ ስትል ጎረቤቷ እንኳየሁ አየቻት።

«ምነው ፀደይ፣ ሰርግ ተጠርተሻል እንዴ?»

ቀልድ ነበር። ፀደይ ግን መነጽሩን አውልቃ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር ከተተችው። ባሏ ከሞተ ዓመት ያልሞላት ሴት ፊቷ ላይ ቢጫ! ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ሥራ ጥቁሩን ማድረግ ጀመረች።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ የሆነውን እኔ አላየሁም። አብሯት የሚሠራው ጌትነት የነገረኝንና እሷ የነገረችኝን አስተያይቼ፣ የተስማሙበትን ብቻ እጽፋለሁ።

ሥራው አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ የብረት መደርደሪያ መግጠም ነበር። መጋዘኑ መስኮት የለውም። ውጭ የወገራ ጭጋግ ወርዶ ስለነበር በበሩ የሚገባው ብርሃንም ዐመድ የመሰለ ነው። መብራት ጠፍቶ፣ የብረት መቁረጫው ግራይንደር የሚሠራው ደጅ በቆመ ጄኔሬተር ነበር። ፀደይ ጥቁሩን መነጽር አድርጋ ብረቱን በጣቷ እየዳበሰች ስትለካ ጌትነት ሳቀ።

«ቢጫዋን አውጪ እንጂ! እዚህ ውስጥ ማን ያይሻል?»

«ወንዴ ያያል።»

«ወንዴማ ቢያይሽ ስድቡ እስከ ደባርቅ ይሰማ ነበር።»

«ዝም በልና ሄደህ ነዳጁን እይ።»

ወጣ። ፀደይ መቁረጥ ስትጀምር የግራይንደሩ ዲስክ መስመሩን ስቶ ገባ፤ ብረቱ ነከሰውና ተሰበረ። ስባሪው ክንዷን ጭሮ አለፈ። ግራይንደሩ ከእጇ አምልጦ ወደቀ፤ ማብሪያው ተቆልፎ ስለነበር ግን አልቆመም። ሲሚንቶው ላይ እየዘለለ ይጮኻል። አንዴ በቀኟ፣ አንዴ ከጀርባዋ ትሰማዋለች፤ የት እንዳለ አታይም። ብትራመድ ትረግጠዋለች፤ ብትቆም ይመጣባታል። መነጽሩን ማውለቅ ትዝ አላላትም። የቀሚሷ ጠርዝ ሲጎተት ተሰማት። ጮኸች፤ ድምፅዋን ማሽኑ ዋጠው።

ጌትነት ሮጦ ሶኬቱን ከጄኔሬተሩ ነቀለ። ዝምታው ደግሞ ባሰ። እጇ ላይ ሙቅ ነገር ይወርዳል። ጣቶቼ የሉም ብላ አሰበች፤ ለመንካትም ፈራች።

«ፀደይ! አለሽ?»

«እጄን እይልኝ። እኔ አላይም።»

ጌትነት ገብቶ መነጽሩን ከፊቷ አወለቀላት። ጣቶቿ ነበሩ። ደሙ የክንዷ ነው።

ቀሐ ከተመለሰች በኋላ ሱቁ ውስጥ መግባት አቃታት። የሰፈሩ ወፍጮ ሲነሳ እንኳ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። የመጋዘኑ ሥራ ግማሹ ቀርቷል፤ ባለቤቱ ይደውላል፤ እሷ ስልኩን አታነሳም። እናቴ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ምነው ያንን ቢጫ ነገር ያላደረግሽው?»

«ሐዘን ላይ ነኝ እኮ፣ እማዬ። ሰው ምን ይላል? እርስዎስ ምን ይሉኛል?»

«እኔ የምለውን ልንገርሽ። አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ። ሌላ ሬሳ የምሸኝበት እግር የለኝም። ጥቁሩን እኔ እለብስልሻለሁ፤ አንቺ የሚያሳይሽን አድርጊ።»

 ፀደይ «ብቻዬን አልሄድም» አለች።

እሷ፣ እናቴና ጌትነት በአንድ ሚኒባስ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጡ። እናቴ የመጋዘኑ ደጅ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ አንዳች ነገር ቢሆን ሶኬቱን እንድትነቅል ተነግሯታል። ስንዴ ሊያስገባ የመጣ አንድ ገበሬ ፀደይን በጥቁር ልብሷ ላይ ቢጫውን መነጽር አድርጋ አይቶ ሳቀ።

«ይህችስ አደይ አበባ መስላለች!»

«እኔ ነኝ አድርጊ ያልኳት» አለችው እናቴ። «አንተ ስንዴህን ጠብቅ።»

ውስጥ፣ በጠመኔ የተሰመረው መስመር በቢጫው መነጽር ጥርት ብሎ ታየ። የብረቱ ጠርዝም፣ የጌትነት ጓንትም፣ የራሷ ጣቶችም ታዩ። ሁሉን ብታይም ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ግራይንደሩን አነሳች፤ ማብሪያውን ግን አልነካችም።

«እማዬ፣ ሶኬቱን ይዘውታል?»

«ይዤዋለሁ።»

«አይልቀቁት።»

«ምን ሆኜ እለቀዋለሁ? ሥሪ።»

ፀደይ ማብሪያውን ገፋችው።