የኦቦ ከድር ሁለት ጭረቶች

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን አጋማሽ፣ ባሌ ሮቤ ውስጥ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር ወፍጮ ቤት ሞተረኛ ሳለሁ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ግን ዛሬም ልጆቼን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አሁን ደክሞኛል፤ ይዤው ከምሄድ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከመዝገበ ቃላት፣ ጥገና የተማርኩት ከሞተሩ ማኑዋል ነው። ማንም ስላላስተማረኝ ባወቅሁት ነገር እኮራ ነበር። ከልክ በላይ እኮራ ነበር ብል ይሻላል።

ሞተሩ አንድ፣ ሥራው ግን ሦስት ነበር። በአንድ ቺንጋ ወፍጮውን፣ በሌላው የእንጨት መሰንጠቂያውን፣ በሦስተኛው መብራት የሚሰጠውን ዲናሞ ያዞራል። አንዱ ፍጥነት ጨምሩልኝ ሲል፣ ሌላው ቀንሱልኝ ሲል፣ ለዓመታት ስንነካካው ኖረናል።

አብረውኝ የሚሠሩት ኦቦ ከድር የጊኒር ሰው ናቸው። በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጡኛል። ማንበብ አይችሉም፤ ሞተሩን የሚያስተካክሉት በጆሯቸውና በጭሱ ቀለም ነው። እኔን "ታዴ" ይሉኛል። ማኑዋሉን ስገልጥ ባዩኝ ቁጥር፣ "ታዴ፣ ይሄ መጽሐፍህ ባሌ መጥቶ ያውቃል?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

መኸር ደርሶ ስንዴው ሲጎርፍ ሞተሩ ደከመ። ወፍጮው ሲጫንበት ያቃስትና ይጠፋል። አህያውም ጋሪውም ውጭ ተሰልፎ ይውላል። ናፍጣ የሚመጥነውን ፖምፓ ስመለከት፣ ፋብሪካው በእርሳስ ያሸገው ብሎን ማኅተሙ ተቆርጧል። አጠገቡ ብረቱ ላይ በሞረድ የተጫሩ ሁለት መስመሮች አሉ።

ኦቦ ከድርን ጠየቅኋቸው።

"እኔ ነኝ የቆረጥኩት፤ ድሮ ነው። ናፍጣ ይበዛበት ነበር" አሉኝ።

መልሱ አልበቃኝም። መጽሐፉ ማኅተሙ አይነካ ይላል። ሄጄ ለማኅበሩ ሊቀመንበር፣ "ማኅተሙን የቆረጡት ኦቦ ከድር ናቸው፤ ሞተሩ የደከመው በዚህ ነው" ብዬ ነገርኩት። የመጀመሪያውን አረጋግጫለሁ። ሁለተኛውን አላረጋገጥኩም።

በዚያ ዘመን ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ ያድግ ነበር። እኔ የተናገርኩት በማግስቱ "የኢኮኖሚ አሻጥር" ሆኖ ተመለሰልኝ። ከሰዓት በኋላ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች መጥተው ኦቦ ከድርን ወሰዷቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጨርቁን ለእኔ አቀበሉኝና ሄዱ።

ሊቀመንበሩ፣ "ሞተሩን ፋብሪካው እንዳወጣው አድርገህ መልስልኝ። ከሠራ ጥፋቱ የሱ መሆኑ ታወቀ፤ ሰኞ ወደ ጎባ ወህኒ ቤት እናስተላልፈዋለን" አለኝ። ጎባ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ሁለት ቀን ሠራሁ። ማኑዋሉን ዱቄት ከረጢት ላይ ዘርግቼ፣ በዓመታት የተነካካውን ሁሉ አንድ በአንድ መጽሐፉ ወደሚለው ልክ መለስኩ። በመጨረሻ የናፍጣውን ብሎን አዞርኩ። ልኩ ላይ ሲደርስ ከመጀመሪያው ጭረት ጋር ተገጣጠመ። ያን ጊዜ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

አስነሣሁት። ጥቁር ጭስ ቤቱን ሞላው። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ወጡ። ወፍጮውን ስጭንበት ሞተሩ እንደ በፊቱ አቃሰተ፣ ጋለ፣ ጠፋ።

አንዲት ሴት ከበሩ ላይ፣ "አሁንስ ማንን ልታሳስር ነው?" አለችኝ። 

ከረጢቱ ላይ ተቀመጥኩና ማኑዋሉን ከመጨረሻው ገጽ ከፈትኩት። እስከዚያ አንብቤ አላውቅም ነበር። ሠንጠረዥ አለበት። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስለሚሳሳ ናፍጣው ይቀነስ ይላል፤ ለምን ያህል ከፍታ ምን ያህል እንደሆነም ይናገራል። ለሮቤ የሚሆነውን አስልቼ ብሎኑን አዞርኩ። ሁለተኛው ጭረት ላይ አረፈ።

አንዱ ጭረት የፋብሪካው፣ ሌላው የባሌ ነበር። ኦቦ ከድር የመጀመሪያውን የጫሩት ሞተሩ እንደገና ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለስ ቢባል ቦታው እንዳይጠፋ ብለው ነው። አሻጥር የሚሠራ ሰው የመመለሻ ምልክት አይተውም።

ጭሱ ጠራ፤ ድካሙ ግን አልለቀቀውም። የአየር ማጣሪያውን ፈታሁት። የዱቄት ብናኝ ከማጣሪያው ዘይት ጋር ተለውሶ ሊጥ ሆኗል። እሱን በየሳምንቱ ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር። በመኸሩ ጥድፊያ ትቼዋለሁ። አጥቤ ስመልሰው ሞተሩ ወፍጮውን ያለ ችግር ተሸከመ።

ቅዳሜ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበረን። እዚያ ሰው የሚናዘዘው አርፍጃለሁ፣ ውይይት ላይ ቀርቻለሁ እያለ ነበር። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ኦቦ ከድር ግን ሰኞ ጎባ ይሄዳሉ። ብናገር እሳቸው የታሰሩበት ቤት ለእኔ ሊሆን ይችላል። ቤቴ ሦስት ልጆች አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያነሣሁትን እጄን ሁለት ጊዜ አውርጃለሁ።

በሦስተኛው ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ።

"ታዲያ አሻጥረኛው ማነው?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"አሻጥረኛ የለም። ማጣሪያውን ያላጠብኩት እኔ ነኝ፤ ያነቀው ዱቄት ነው።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ "እንግዲያው ዱቄቱን እሰሩት። እኛ የምናስፈጨው አለን" አሉ።

ሰው ሳቀ። ሊቀመንበሩም ሳይወድ ሳቀ። ያዳነን ያ ሳቅ ይመስለኛል። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ኦቦ ከድር እሑድ ጠዋት ተለቀቁ።

ሰኞ ሥራ ገቡ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ወጥቻለሁ" አሉ። ጎንበስ ብለው ብሎኑን አዩት። "መጽሐፉን ጨረስከው?"

"ጨረስኩት፣ ኦቦ።"

"ቶሌ፣ ጥሩ ነው።"

 ከዚያ ወዲያ ግን ብቻቸውን አንድ ብሎን ነክተው አያውቁም። በጆሯቸው ሰምተው ያወቁትን እንኳ ሊያስተካክሉ ሲሉ ይጠሩኛል። "ና፣ እይ። ጻፈው" ይሉኛል። ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ኦቦ ከድር ይህን ብሎን ሩብ ዙር አዞሩ፣ እኔም አይቻለሁ። ከዚያ እፈርማለሁ። ጊኒር እስኪመለሱ ድረስ እንዲህ ኖርን። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። በመጽሐፉም ሁለተኛ አልቀለዱብኝም።

ከልጆቼ አንዱ በሌላው ላይ ያላረጋገጠውን ሲናገር አጥብቄ እቀጣ ነበር። ዛሬ አድገው ጨካኝ ነበርክ ይሉኛል። አልዋሹም። የማንን ጥፋት እቀጣ እንደነበር ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ደብተሩ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ይህን ያነበቡ ዕለት ይክፈቱት።