ውሃ እያለለት የተጠማው ቡና

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ለሶላት እየታጠበ ውዱእ የሚያደርገው በሷ ቡና ሥር ነው። ገጠር፣ መሰላ ካለው ቤታችን ጓሮ የቀረው እሷ የተከለችው አንድ እግር ቡና ብቻ ነበር፤ ሌላው መሬት ጫት ሆኗል። አጎቶቼ "እሱንም ንቀለውና ጫት ትከል" ሲሉት "ምላሳችሁን ሰብስቡ!" ይላቸው ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች የዚያን ቡና ቅጠል አድርቃ፣ ቁጢ አፍልታ በወተት ታጠጣን ነበር። እኔ ጭሮ ከተማ ገብቼ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላም አባቴ በሄድኩ ቁጥር ቅጠሉን ቋጥሮ ይሰጠኝ ነበር።

አምና በበጋ ስሄድ የቡናው አንድ ወገን ጠውልጓል። ውሃ ለሰው በጠፋበት ሰዓት አባቴ በአህያ ያስመጣውን ጀሪካን ሥሩ ላይ ይገለብጣል። "ኧረ በአላህ! አንተ ምን ልትጠጣ ነው?" ብዬ ጮህኩበት። "እሱ ጠምቶታል" አለኝ። እኔ ቁጡ፣ እሱ ግትር፤ ተኮራርፈን ዋልን።

በማግስቱ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ለምኜ አመጣኋት። ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱን በቢላ ፋቅ ብታደርገው እንጨቱ ጠቁሯል። ሻጋታ ነው አለችን። ሻጋታው ግንዱ ውስጥ ውሃ በሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ላይ ይወጣል። ዛፉም ዝም ብሎ አይሞትም፤ እንዳያልፍበት የገዛ ቧንቧውን በሙጫ ይደፍናል። አንዳንዱ በዚህ ይተርፋል። የኛን ግን ሻጋታው ቀደመው፤ ዛፉ ቧንቧውን በደፈነ ቁጥር ራሱም ውሃ አጣ።

"ታዲያ ያጠጣሁት ሁሉ?" አለ አባቴ።

"ቅጠሉ ጋ አልደረሰም፣ አባባ።"

"በየት ገባበት?"

እሷ የኛን ጉዳይ ምን ታውቃለች፣ ግርጌው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳየችው። "በቁስል ነው የሚገባው። ዶማ ነክቶታል።"

የውዱኡ ውሃ እንዳይባክን ብሎ ዙሪያውን በዶማ የኮተኮተለት ራሱ አባቴ ነው። የትናንት ኩርፊያዬ ብን ብሎ ጠፋ። "አባዬ፣ የአላህ ሥራ ነው" አልኩት።

የጎረቤትን ቡና እንዳይለክፍ ተነቅሎ እዚያው መቃጠል ነበረበት። አጎቶቼ ሊያግዙት ቢመጡ መለሳቸው። ብቻውን ነቀለው፣ ብቻውን አቃጠለው። ዓይኑን ሲጠርግ ሳየው "ጭሱ ነው" አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። የጫት ችግኝ ቢያመጡለትም አልተከለም፤ ቦታው ባዶውን ነው። የዙሁር አዛን ሲሰማ ጆጉን ይዞ ወጣ፤ ቡናው የተነቀለበት ጉድጓድ አፋፍ ቁጭ ብሎ ውሃው ወደ ውስጥ እንዲወርድ አድርጎ ይታጠብ ጀመር።

"አባዬ፣ እዚያ እኮ ምንም የለም።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ" አለኝ እግሩን እያጠበ። "ያኔ ውሃው አልደረሰውማ።"