ቀድሞ የገባ ስለት

መጀመሪያ የሚታየው እጁ ነው። ሰው ወደ እንድርያስ ሱቅ ሲመጣ፣ ከብረት ፍርግርጉ መሐል ለአንድ ዳቦ ያህል በተተወችው ቀዳዳ እጅ ብቅ ይላል። ሳሙናውን ወይም ፓስታውን ያስረክብና፣ ገና የደንበኛው ጣት ሳይነካው፣ ውሃ እንደተረጨበት ድመት ሽምቅቅ ብሎ ይመለሳል። ከአንጓው በላይ ያለውን ክንዱን ያየ ደንበኛ የለም።

ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ በሚወጣው ኮብልስቶን ዳር እንዲህ ያለ ሱቅ ሌላ አይገኝም። ሌሎቹ ባለሱቆች ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ ጥለው ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲቀልዱ ይውላሉ። እንድርያስ ግን ከጆሃንስበርግ ተመልሶ ይህችን ክፍል ሲከራይ፣ ከመደርደሪያም ከሚዛንም በፊት የጠራው በያጅ ነበር። ሰፈሩም አልማረውም፤ ሱቁን “ከርቸሌ” ብሎ ሰየመው።

“ጥየቃ ነው የመጣሁት፤” ይላል ጎሚስታ ቤት ያለው ጀላል፣ በግሪስ የጠቆረ ፊቱን ፍርግርጉ ላይ ለጥፎ። “ስንት ዓመት ፈረዱብህ?”

“ገና ቀጠሮ ላይ ነኝ።”

“ጠበቃ ላቁምልህ?”

“አንተ መጀመሪያ ጎማ በቅጡ ንፋ።”

ጀላል እየሳቀ ይሄዳል። እንድርያስም ከውስጥ ፈገግ ይላል፤ ፈገግታው ግን ጀላል ከታጠፈ በኋላ አንዲት አፍታ እንኳ አይቆይም።

ጆሃንስበርግም የኖረው ከብረት ኋላ ነበር። ከከተማው ዳር፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር፣ እሱና ቢኒያም በጋራ በያዟት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ሸጡ፣ አበሰሉ፣ ተኙ። በሰኔ፣ እዚያ ክረምት ሲሆን፣ ቆርቆሮው ከውስጥ ያልበዋል፤ ጠዋት ፍራሻቸው ርሶ ያገኙታል። ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለልጁም ለአዋቂውም ሁለቱም “ማይ ፍሬንድ” ነበሩ። አሮጊቶቹ ብቻ በቀዳዳዋ ጎንበስ ብለው “ሳውቦና” ይሏቸዋል። ትርጉሙ “አየሁህ” ማለት መሆኑን ቢኒያም ያወቀ ዕለት ሲስቅ ዋለ። “እጃችንን ብቻ እያዩ አየንህ ይሉናል” እያለ። እሑድ በተራ ወደ ከተማው መሐል፣ ጂፒ ወደሚባለው ሰፈር ይወርዳሉ፤ ሐበሻ በሞላበት ጎዳና እንጀራ በልተው፣ ጮክ ብለው አማርኛ አውርተው፣ ድምፃቸው ሰልሎ ይመለሳሉ።

ቢኒያም የጉለሌ ልጅ ነው፤ ከዳቦው መደርደሪያ በላይ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅሎ ነበር። እንድርያስ ደግሞ ከሆሳዕና የመጣ ጴንጤ ነው። ሌሊቱን በሃይማኖት ሲከራከሩ አድረው ጠዋት በአንድ ሲኒ ሻይ ይጠጣሉ።

“እዚህ ብሞት ፍትሐት የሚያስደርግልኝ ጴንጤው ሊሆን ነው፤” ብሎት ነበር ቢኒያም አንዴ። “ጉዴ ፈላ። ለእናቴ ንገራት፤ እሷ ታውቅበታለች።”

ጠዋት ዳቦ የሚያመጣው መኪና ሲደርስ፣ ሳጥኑ በቀዳዳዋ ስለማይገባ፣ ብረቱን መክፈት ግድ ነው። በቀን ውስጥ በሩ የሚከፈተው ያኔ ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ቢኒያም ከፍቶ ሳጥኑን ሲቀበል፣ ከዳቦው ኋላ ሁለት ሰዎች ገቡ። ተኩሱ እንደ ቆርቆሮ ምት ነበር። እንድርያስ ከእንቅልፉ ሲነቃ ዳቦዎቹ መሬት ላይ ተበትነው፣ ገና ትኩስ ነበሩ።

የቢኒያም አጎት ጋሼ ስብሐት በስልክ ያሉት አጭር ነው። “እናቱ ልቧን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ተኝታለች። ሬሳው ከመጣ እሷንም አብረን መቅበራችን ነው። እዚያው አፈር አልብሱት። መርዶውን እኛ በጊዜው እንነግራታለን።” ለወይዘሮ ዓለምነሽ ደግሞ፣ ልጅሽ ወረቀት ስላልነበረው ታስሯል፣ ስልክ አይፈቀድለትም ተባለ።

ጊዜው ግን አልደርስ አለ። መጀመሪያ ቁስሏ ይድረቅ ተባለ። ቀጥሎ ልጇ ናዝሬት ነፍሰ ጡር ናት፣ ሐዘን ቤት ውስጥ አይግባ ተባለ። ናዝሬት በሰላም ስትገላገል አራስ ናት ተባለ። በመሐሉ የቢኒያም አርባ አለፈ፤ ሰማንያው አለፈ። እንድርያስ የቢኒያምን ሻንጣ ይዞ መጣ፤ አሁን ሙት ዓመቱ እየተቃረበ ነው፤ ቢኒያምን ግን ጉለሌ ውስጥ ያለቀሰለት ሰው የለም።

“ጋሼ ስብሐት፣ ስሙን ማንም አልጠራለትም እኮ፤” አላቸው እንድርያስ ማክሰኞ ዕለት። “እኔ ወግ አላውቅም። ግን እሱ ሲቀልድም ቢሆን አደራ ብሎኛል።”

“አንተ ልጅ፣ መርዶ እንደ ሳሙና በቀዳዳ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ሰው ይሰበሰባል፣ የሚይዛት ይዘጋጃል። ትንሽ ታገሥ።”

“መቼ ድረስ?”

“ልጅቷ ከአራስ ቤት ትውጣ።”

ወይዘሮ ዓለምነሽ በየቀኑ ወደ ሱቁ ይመጣሉ። ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ከፍርግርጉ ፊት ይቀመጣሉ፤ የሚገዙት ግን የለም። የልጃቸውን አገር ሊጠይቁ ነው የሚመጡት።

“እዚያ አሁን ብርድ ነው?”

“ብርድ ነው፣ እማማ።”

“እስር ቤቱ ብርድ ልብስ ይሰጣል?”

“ይሰጣል።”

“ወፍራም?”

እንድርያስ እጁን በቀዳዳዋ ያወጣና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ውፍረቱን ያሳያል። እንዴት እንደዚያ እንደሚያደርግ ራሱን ይገርመዋል። እሳቸው በጣቶቹ መሐል ያለውን ባዶ አየር አተኩረው ያዩና፣ “እሱስ ደህና ነው” ይላሉ። ሲሄዱ እጁ እዚያው ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ያኔ ብቻ መመለስ ይረሳል።

ሐሙስ ዕለት የመጡት ረጅም ነገር በነጠላ ጠቅልለው ነው። ሲገልጡት ባለወርቅ ዘርፍ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነበር።

“ነገ እንጦጦ ማርያም ላስገባው ነው። ዳገቱ ለልቤ ይከብዳል፤ አንተ ትይዝልኛለህ። ጴንጤ ብትሆንም ግድ የለም፣ ለተሸካሚ አትቆጣም።”

እንድርያስ ከቢኒያም የሚያውቃት አንዲት ነገር ነበረች። “ስለት የሚገባው... ማለቴ፣ የጠየቁት ነገር ሲደርስ አይደለም?”

“እሱማ ነው።” ጥርሳቸው ታየ። “እኔ ግን ቀድሜ ልሰጣትና ይሉኝታ ላሲዛት። ጥላዬን ተቀብላ ልጄን አልፈታም ብትል እሷው ትፈር።”

በማግስቱ በታክሲ ወጥተው፣ የቀረውን በባሕር ዛፉ መሐል በእግር አዘገሙ። ወይዘሮ ዓለምነሽ በየጥቂቱ ይቆማሉ፤ ደረታቸውን ይዘው ቁልቁል ጭስ የለበሰችውን ከተማ ያያሉ። እንድርያስ ጥላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይጠብቃቸዋል። ክብደቱ ከዳቦ ሳጥን አይበልጥም።

በቅጥሩ በር ሲገቡ የሆነውን ማንም አላሰበውም። ጥላ ይዛ የምትመጣ እናት ስለቷ የደረሰላት እናት ናት፤ ይህን እዚያ የማያውቅ ሴት የለም። የወርቁ ዘርፍ ከነጠላው ውስጥ ብልጭ ሲል አንዲቱ እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ቅጥሩ በሙሉ በእልልታ ተሞላ፤ ድምፁ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ወጣ፣ ርግቦቹ ከጣሪያው ተነሡ።

“እሰይ፣ ምን አደረገችልሽ እናቴ?” አለች አንዲት የማያውቋት ሴት፣ እጃቸውን ይዛ።

ወይዘሮ ዓለምነሽ የሴትዮዋን እጅ አጥብቀው ያዙ። ቀስ ብለው ወደ እንድርያስ ዞሩ። “ከአፋቸው ይቀበለኝ፣ አይደል? አሜን በል እንጂ።”

አሜን ማለት አቃተው። ለሞተ ሰው እልል ሲባል ቆሞ ሰማ፤ የሴቶቹ ደስታ ከልብ ነበር፤ ከሁሉም የከፋው ይኸው ነው። ጥላውን እንደተሸከመ ክንዳቸውን ያዘና ሴቶቹን አልፎ ከአንድ ትልቅ ጥድ ኋላ ወሰዳቸው።

“እማማ፣ ቢኒያም አልታሰረም።”

ክንዳቸውን ከእጁ አላቀቁ።

“ዳቦ ሲቀበል ነው። እዚያው ቀበርነው። እኔ ነኝ አፈር ያለበስኩት።”

አልጮኹም። ጥዱን በመዳፋቸው ተደገፉ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አነሡና፣ ጥለቱ ወደ ፊታቸው እንዲመጣ አዘቅዝቀው፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ለበሱት። ወገባቸው ታጥፎ ያለ ድምፅ አለቀሱ። ከጥዱ ማዶ እልልታው ገና አላበቃም ነበር።

“አርባውን አወጣችሁለት?” አሉ በመጨረሻ።

“አላወጣንም።”

“ልጄን ሜዳ ላይ ጣላችሁት በለኛ።”



ወይዘሮ ዓለምነሽ ፊታቸውን ጠረጉ። ነጠላውን ከፈቱና ጥለቱን ወደ ታች መልሰው፣ ሲመጡ እንደለበሱት አስተካክለው ለበሱት። እንድርያስ ግራ ገባው።

“ናዝሬት ከሰማች ወተቷ ይደርቅባታል፤” አሉት። “እነ ስብሐት በጊዜው ሲነግሩኝ እሰማለሁ። እስከዚያ አልሰማሁም። አሁን ገብቼ ስሙን ለካህኑ እሰጣለሁ፤ ከሙታኑ ጋር ይጠሩልኛል። ጥላውንም አገባለሁ፤ የሰጡትን መንጠቅ ነውር ነው።”

“እማማ፣ እኔ አልችልም። ሌላ ቀን እንደዚህ...”

“ትችላለህ። ዓመት ሙሉ ችለህ የለ።” ዓይኑን በቅጡ አይተውት አያውቁም ነበር፤ ፍርግርጉ ሁልጊዜ በመሐል ነበር። አሁን ትክ ብለው አዩት። “ነገ ናዝሬት ሕፃኑን ፀሐይ ልታሞቅ አብራኝ ትወጣለች። ሱቅህ ፊት እቀመጣለሁ። ስለ ብርዱ እጠይቅሃለሁ። እንደ ወትሮው መልስልኝ፤ ብርድ ልብሱንም አሳየኝ።”

ጥላውን ከትከሻው ላይ ራሳቸው አነሡ። “አሁን ቅደመኝ። አብረን ከወረድን ፊታችንን ያነቡታል።”

እንድርያስ አንዴ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ዞረ። በበሩ ሲያልፍ አንዲት ሴት፣ “እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ልጄ” አለችው፤ እሱም “አሜን” አላት። ባሕር ዛፉ መሐል ቁልቁል ወረደ። ሁለቱንም እጆቹን ወደ እጅጌው ውስጥ ስቦ፣ የጣቶቹ ጫፍ እንኳ ሳይታይ፣ ወደ ጉለሌ እየራቀ ሄደ።