ቁጥር ዘጠኝ ተኝተው ነበር

እሁድ ከሰዓት፣ ገደብ ከተማ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ድራማ እያየን... መብራት ሄደ።

ቴሌቪዥኑ ጭጭ አለ። ሰውም ጭጭ አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ የምትሰማው የእኔ እስክሪብቶ ብቻ ነበረች... ጫር ጫር፣ ጫር ጫር። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አየኝ።

ነገሩ የቆየ ነው። ዲላ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነበርኩ። መምህርታችን ክፍሉን ለሦስት ከፈለችና መጽሔት፣ ማስታወቂያ፣ ድራማ እንድናጠና አከፋፈለችን። መጽሔት የደረሳቸው መቀስና ማስቲሽ ይዘው ዶርማቸው ተቀመጡ። ለእኔ ድራማ ደረሰኝ።

«ድራማውን ሳይሆን የሚያየውን ሰው እዩ» አለችን። «ምን ሲመጣ ይስቃል፣ ምን ሲመጣ ይወጣል፣ ሁሉንም ጻፉ። እንደምትጽፉ ግን አትንገሩት፤ ካወቀ ጠባዩ ይለወጣል።»

እኔ ደግሞ ጎበዝ ነኝ ባይ ነኝ። ጓደኞቼ እዚያው ዲላ ሲሠሩ እኔ ማንም የማያውቀኝ ቦታ ይሻላል ብዬ በአውቶቡስ ገደብ ሄድኩ። ማንም የማያውቅህ ቦታ ማለት ማንም የማይመሰክርልህ ቦታ መሆኑ የገባኝ መብራቱ ሲጠፋ ነው።

«አንተ... ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለ ከፊቴ የተቀመጠ ቀጭን ሰውዬ።

«ምንም...» አልኩ። ከዚህ የባሰ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ደብተሬን ነጠቀኝና ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ጮክ ብሎ አነበበ። «ቁጥር አራት። ቀጭን፣ አረንጓዴ ሹራብ። 9፡20 ወጣ። 9፡26 ተመለሰ።»

ጎንበስ ብሎ የራሱን ሹራብ አየ። አረንጓዴ ነው።

«እኔን ነው! የወጣሁበትን የገባሁበትን ሰዓት ይዟል! ጆሮ ጠቢ ነው!»

ጊዜው ሰው ጎረቤቱንም የማያምንበት ጊዜ ነበር። ወንበሮች ተንቀሳቀሱ። አንዱ ሄዶ በሩን ዘጋና ተደግፎት ቆመ።

«ማነው የላከህ?»

«መምህሬ... ተማሪ ነኝ እኮ...»

«መታወቂያ አምጣ!»

ኪሴን ዳበስኩ። መታወቂያዬ ሌላኛው ሱሪዬ ውስጥ ነው፤ ሱሪዬ ደግሞ ዲላ፣ አልጋዬ ላይ። እውነቴን ነው፣ እናቴ በዓይኔ ላይ መጣችብኝ።

«ቆዩ» አሉ ጥግ የተቀመጡ፣ ቡናማ ኮት የለበሱ ሽማግሌ። ጋሽ ጅግሶ ይሏቸዋል። እሳቸው ሲናገሩ ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። «ምን እንደጻፈብን እንስማ። ራሱ ያንብብ። አንድም ሳይዘል።»

ደብተሩ ተመለሰልኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ።

«ቁጥር አንድ። ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑን ይሳደባል።»

ማንም አልሳቀም።

«ቁጥር ሁለት። የሚያየው የተዋናዩን ጫማ ነው። እንደዚያ ያለ ጫማ ዲላ እንዳየ ሁለት ጊዜ ተናገረ።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው።

«ቁጥር ሦስት። ሻይ የሚቀዱት ሴትዮ። የሳሙናው ማስታወቂያ ሲመጣ ስኳሩን ትተው አብረው ይዘፍናሉ።»

«ወይ ጉዴ! እውነቱን ነው!» ብለው የሻይ ቤቷ እመቤት በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አሁን ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀጭኑ ሰውዬ ብቻ «ሽንት ቤት ነበርኩ እኮ!» እያለ ይከራከራል። እኔም መተንፈስ ጀመርኩ... አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት እያልኩ ወረድኩ።

ከዚያ ዘጠኝ ላይ ደረስኩ።

«ቁጥር ዘጠኝ። ቡናማ ኮት። የድራማው አባት በሴት ልጁ ላይ በር ሲዘጋ አለቀሰ። በእጅጌው ጠረገ» ይላል በገዛ እጄ የጻፍኩት፤ በዓይኔ ብቻ አነበብኩት።

ቀና አልኩ። ጋሽ ጅግሶ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩኛል። ባነበው አገር የሚያከብራቸውን ሽማግሌ በሰፈራቸው ሰው ፊት ላዋርዳቸው ነው። ብዘለው ደግሞ የምደብቀው ነገር አለ ማለት ነው፤ በሩ እንደተዘጋ ነው።

«ዘጠኝስ?» አለ ቀጭኑ። «ምነው ቆምክ?»

«ዘጠኝ...» ገጹን ገለጥኩ። «ዘጠኝ ተኝተው ነበር።»

ቤቱ እንደገና ሳቀ። ጋሽ ጅግሶ አልሳቁም። «ልክ ነው፤ ተኝቼ ነበር» ብለው ተነሡ። «ተማሪ ነው። በሩን ክፈቱለት።»

እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። አውቶቡሱ አጠገብ ስንደርስ ቆሙ።

«በል ያላነበብካትን አሁን አንብባት።»

አነበብኩላቸው። «አለቀሰ» የሚለውን «አለቀሱ» ብዬ።

«የእኔዋ ልጅም እንደዚያ ደጅ ቆማ ነበር» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ክፉ ተናግሬ መለስኳት። ይኸው ስድስት ዓመት። ሐዋሳ ናት ይላሉ... ሰው ልኬላትም አላውቅ።»

ገጿን ቀድጄ ሰጠኋቸው። አጣጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱና ክንዴን ያዙ።

«ያ የድራማው አባት ግን... መብራቱ ከሄደ በኋላ ከፈተላት?»

«አላውቅም ጋሽ ጅግሶ። አላየሁትም።»

«ጠይቀህ ንገረኝ።»

መምህርታችን ወረቀቴን ስትመልስ ከሠላሳ ሃያ አምስት ሰጥታኛለች። «ዘጠነኛው የት ሄደ?» አለችኝ። «ተኝተው ነበር» አልኳት። «የተኛ ተመልካችም መረጃ ነው፤ ይጻፋል» ብላ አምስቷን ማርክ አስቀረችብኝ።

በሚቀጥለው እሁድ ያለ ደብተር፣ መታወቂያዬን በደረት ኪሴ ይዤ ገደብ ሄድኩ። ጋሽ ጅግሶ እዚያችው ጥግ ተቀምጠዋል። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው፣ «ከፈተላት» አልኳቸው።

ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። የሐዋሳ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ቀጭኑን ሰውዬ ሲጠይቁት ሰማሁ።

ዲላ ያሉ ልጆች ድራማውን እስከ መጨረሻው አይተውት ነበር... አባትየው አልከፈተም። በእኛ ትምህርት መረጃ መለወጥ ትልቅ ጥፋት ነው፤ እኔ ሁለቴ አጥፍቻለሁ፣ ሁለቱንም ዛሬም ብሆን እደግማቸዋለሁ።