የባላባቱ ቤት ወለል

ባለፈው ሳምንት ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት በመስኮት እያሳየኝ «ያ ፍርስራሽ የባላባቱ ቤት ነበር አሉ» አለኝ። ጣራው የለም፤ ግድግዳው መሃል ቁልቋል በቅሏል። «ኖሬበታለሁ» ልለው አስቤ ተውኩት።

ባላባቱ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያሠራው ነፋስ እንዲያገኘው ብሎ ነው። በመሬት አዋጁ ጊዜ ጥሎት ሄደ፤ ግቢው የመንግሥት እርሻ ሆነ። ባለቤቴ ትራክተር ነጂ ስለነበር ለእኛ ለአዲስ ተጋቢዎቹ አንድ ክፍል ተሰጠን። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በዚያ የጨፋ ሙቀት በባዶ እግር ሲረግጡት ደስ ይላል። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር።

ማሽላው እሸት በያዘበት ወራት፣ የእርሻው ዘበኛ ወደ ሰንበቴ ከተማ ገበያ በወረደበት ቀን፣ አንዲት አሮጊት ደጃፌ ላይ ቆሙ። በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ፤ መልሱ ሲጠፋኝ ወደ አማርኛ ዞሩ። ስማቸው ዘሀራ ነው። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን እሸት ሰጡኝና በቀጥታ ወደ አልጋው ሄዱ።

«አልጋሽ እዚህ ላይ ነው እንዴ?»

«አዎ እማማ፣ ምነው?»

«መዲና እዚህ ናት። ልጄ።»

ጎጆአቸው እዚያው ላይ ነበር። ልጅቷን ወባ ስትገድልባቸው የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ወደ መቃብሩ መሻገር ስላልተቻለ ጓሯቸው ቀበሯት። ኋላ ባላባቱ ቦታውን ወደደውና አስነሣቸው። መቃብሯን እንዳይነካባቸው ባላቸው እግሩ ላይ ወድቆ ለመነ፤ እሺ ተብሎም ነበር።

«እሱ ሲሄድ መሬቱ ይመለስልናል ብለን ነበር» አሉ። «ወላሂ፣ ያንን ስንጠብቅ ትራክተር መጣ።»

የባለቤቴን ሥራ አልነገርኳቸውም።

አልጋውን ተጋግዘን ገፋነው። ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ሲሚንቶው ላይ አሳረፉና ዱዓ አደረጉ። ከዚያ እንቅልፍ ሊወስዳት ያለች ልጅ እንደሚያጫውቱ ሁሉ በቀስታ በኦሮምኛ አወሩ። ሲነሡ እኔ አለቅስ ነበር።

«አብሽሪ» አሉኝ ሆዴን ዳሰስ አድርገው። «አላህ በሰላም ያገላግልሽ።»

ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ባለቤቴ ሲመጣ ነገርኩት። «ሌላ ቤት ከየት እናመጣለን?» ብሎ እሸቱን ሳይቀምስ ወጣ። ስለዚህ እዚያው ቆየን። ድምፅ አልሰማሁም፣ ጥላም አላየሁም። ብቻ ቤቱ ጭር ሲል ሳላስበው፣ ልጅ እንደተኛበት ቤት፣ በጣቴ ጫፍ እራመድ ነበር።

ልጄ ተወልዳ መዳህ ስትጀምር ምንጣፏን ትታ ወደዚያች ቦታ ትሄዳለች። ጉንጯን ሲሚንቶው ላይ አድርጋ እዚያው እንቅልፍ ይወስዳታል። «ስለሚቀዘቅዝ ነው» ይል ነበር ባለቤቴ። አንድ ቀን ከሰዓት ግን እንደተኛች ስትስቅ አያት። በዚያው ሳምንት ከሚሴ ውስጥ ቤት ተከራየ።

እርሻውም ዛሬ የለም። ስለዚያ ቤት የሚያወራ ሁሉ ከባላባቱ ይጀምርና እርሻው ላይ ያበቃል፤ ዘሀራን የሚያነሣ ሰው አልሰማሁም። እኔም ብሆን ለልጄ አልነገርኳትም። የት እንደተወለደች ስትጠይቀኝ «ጨፋ» ብቻ እላታለሁ። አሁን እሷም እናት ሆናለች። ልጆቿን ስታስተኛ ባየሁ ቁጥር ነገሩ አፌ ላይ ይደርስና መልሼ እውጠዋለሁ።